ቤዝመንት ውስጥ ውሃ ፍለጋ

ቅዳሜ ማታ፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ

እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች አምስተኛ ሳምንቷ ነው። ብርዱን ችላዋለች። ያስመረራት ድርቀቱ ነው። ጠዋት ስትነሳ አፍንጫዋ ውስጥ ደም ደርቆ ታገኛለች። ትናንት ልጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ጠሽ አለና ሁለቱም ደንግጠው ተላቀቁ። "ይሄ ቤት ኤሌክትሪክ ይዞታል" አለች። ከሁሉም የከነከናት ግን እንጀራው ነው። መሶብ ላይ አውጥታው ወጡ እስኪሞቅ ድረስ ጠርዙ ተጠቅልሎ እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል።

"እኛም እኮ ደጋ ነን" ትላለች። እውነቷን ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ ከፍ ትላለች። ልዩነቱ ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን፣ ፈርነሱ ነው። የዊንተር አየር የያዘው ውሃ ትንሽ ነው። ያንኑ አየር ስናሞቀው ውሃው አይጨምርም፣ ጥማቱ ግን ይብሳል። ከቆዳም ከእንጀራም ይመጥጣል።

ለዚህ ተብሎ ፈርነሱ ላይ የተገጠመ አየሩን የሚያረጥብ ሂዩሚዲፋየር አለን። ቤቱን ከገዛን አራት ዓመታችን ነው፣ አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም። ሰኞ ሳሎን ያስቀመጥኳት የእርጥበት መለኪያ 16 በመቶ አለችኝ። ባለሙያ ጋ ደወልኩ፤ መጥቶ ለማየት ብቻ 140 ዶላር። ስልኩን ዘግቼ ካቻቢቴ ይዤ ወረድኩ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ፓዱን መቀየሬ ነው። ፓዱ ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ ወንፊት መሳይ ነገር ነው። ውሃው ከላይ ይንጠባጠብበታል፣ ሞቃቱ አየር በመሐሉ ሲያልፍ እርጥበቱን ይወስዳል፣ የተረፈው ደግሞ ማዕድኑን እያጠበ በቱቦ ይወርዳል። የኛው ኖራ የተቀባ መስሎ ነበር። አዲስ ገዝቼ አስገባሁና ደረቴን ነፋሁ። በማግስቱም 16። ያኔ ነው የመውረጃውን ቱቦ ጫፍ መንካት ትዝ ያለኝ። ደረቅ! አዲሱን ፓድ ያጠለቅኩት ውሃ ጨርሶ በማይደርስበት ቦታ ነው።

ዛሬ እንግዲህ ከታች ወደ ላይ ሄድኩ። ፈርነሱ እየሠራ የእርጥበት መቆጣጠሪያውን ከፍ አደረግኩና ጣቴን ሶሌኖይዱ ላይ አስቀመጥኩ። ሶሌኖይድ በ24 ቮልት የሚከፈት ትንሽ የውሃ በር ነው። ቀጭ! አለ። መብራቱ ይደርሰዋል ማለት ነው። ፈርነሱን አጠፋሁ፣ ውሃውን ዘጋሁ፣ ወደ ሶሌኖይዱ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ፈትቼ ሲኒ ውስጥ ከተትኩት። ውሃውን መልሼ ስከፍት አፏጨ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ለቀቀ።

ይህን ፉጨት አውቀዋለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው አይረሳውም። ሌሊት ክፍት የተተወ ቧንቧ ማፏጨት ሲጀምር እማዬ ከአልጋዋ ዘላ ባልዲ ትደረድር ነበር።

ቱቦው ከቤቱ ቧንቧ ጋር የተያያዘው ቧንቧውን ቆንጥጦ በመርፌ በሚወጋ ቫልቭ ነው። ለገጣሚው አምስት ደቂቃ ያተርፍለታል፣ ለባለቤቱ ግን ጣጣ ነው። መርፌው የበሳት ቀዳዳ በደለል ትዘጋለች። እስከ መጨረሻው ዘጋሁት፣ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ሦስት አራት ጊዜ። መርፌው ደለሉን ሲገፋው ሲኒው ባንዴ ሞልቶ ካልሲዬን አራሰው።

ገጣጥሜ ለኮስኩት። ፓዱ አናት ላይ ያለችው ገንዳ ግን አሁንም ጠብ... ጠብ... ብቻ። የቀረችው የውሃውን መጠን የምትወስነው ቀዳዳ ያለባት ትንሿ ዕቃ ናት። አውጥቼ በስልኬ መብራት ሳያት በነጭ ቅርፊት ታፍናለች፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት። እማዬ ለሰላጣ ካስቀመጠችው አቼቶ ሲኒ ውስጥ ጨመርኩና ነከርኳት። አረፋ ታወጣ ጀመር።

"በመርፌ ወጋ ወጋ አታደርገውም?" አለች እማዬ ከደረጃው ላይ ሆና።

አላደረግኩም። ቀዳዳዋ ልክ ናት፤ ከሰፋች ውሃው ከሚገባው በላይ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። አጥቤ መለስኳት። ገንዳዋ ሞላች፣ ውሃው ፓዱን ከዳር እስከ ዳር አጠቆረው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የመውረጃው ቱቦ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ተንጠለጠለች።

"እማዬ! ውሃ መጣ!"

"ባልዲ ላቀብልህ?"

ቫልቩን በደህና ለማስቀየር ሙቀቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። መቆጣጠሪያውንም 35 ላይ አድርጌዋለሁ። ውጭው ወደ 0 ፋራናይት ሲወርድ ወደ 25 ካልቀነስኩት መስኮቱ ያልበዋል።

አሁን መለኪያዋ 22 ትላለች። ወደ ላይ ስወጣ እማዬ ትልቁን ድስት ውሃ ሞልታ ምድጃው ላይ ጥዳዋለች።

"ተሠራ እኮ" አልኳት።

"እሺ፣ ቢጠፋስ?"