እንኳን አደረሳችሁ! ማን ደግ ዋለላችሁ?

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! ዓመቱ የጤናና የፍቅር ይሁንላችሁ። ከማለዳው ጀምሮ ለደወላችሁልኝም፣ ለጻፋችሁልኝም፣ ኑሩልኝ።

አንድ ድምፅ ግን ጎድሎብኛል። አክስቴ ባሳለፍነው ዓመት አረፈች።

ስትደውል "ሰሞኑን ምን ደስ አሰኘሽ?" ብላ ነበር የምትጀምረው። "ምንም የለም" ብላት አትለቀኝም። "ማን አሳቀሽ? ማን አገዘሽ?" ትለኛለች። ልብ ሳልላቸው ያለፍኳቸው ሰዎች ያኔ አንድ በአንድ ትዝ ይሉኛል።

ከሁሉም የማይረሳኝ የሆስፒታሉ ነው። ሌሊት ነበር። ተረኛዋ ነርስ ግሉኮስ ልትሰካላት መጣች። ፊቷ ላይ ድካም ይታያል። አክስቴ መርፌው እስኪገባ ዝም አለችና "ልጄ፣ እጅሽ እንዴት ቀሊል ነው! ማን አስተማረሽ?" አለቻት። ፕላስተሩን ለጥፋ ልትሄድ የነበረችው ነርስ ቆም አለች። ከዚያ ወንበር ሳበች። ሥራ ስትጀምር እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነገረቻት። አንዲት አንጋፋ ነርስ የገዛ ክንዷን እየሰጠች አለማመደቻት።

"ታዲያ አመስግነሻታል?" አለች አክስቴ።

"ኧረ አላመሰገንኳትም።"

"በይ ሲነጋ ደውዪላት።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ የጨዋታ ማሳመሪያ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ አይመስለኝም። ዴቪድ ኩፐርራይደር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ገና ተማሪ ሳለ የአንድ ሆስፒታልን አሠራር ሲያጠና "ምኑ ተበላሸ?" የሚለውን ትቶ "ምኑ ሠመረ?" ብሎ መጠየቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1987 ከመምህሩ ከሱሬሽ ስሪቫስትቫ ጋር ሐሳቡን አሳተሙት። ዛሬ ብዙ ድርጅቶች ይሠሩበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ጥንዶችን አይተዋል። አንዱ የምሥራች ሲናገር ሌላው "እሺ፣ ከዚያስ?" እያለ ከልቡ የሚከታተል ከሆነ፣ ሁለቱ ይበልጥ ይቀራረባሉ።

የተከፋን ሰው "ጥሩ ጥሩውን አውራ" በሉት ማለቴ ግን አይደለም። አክስቴም መጀመሪያ አብራኝ ታለቅስ ነበር። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ደግሞ ዛሬ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ "መቼ ነው የምታገቢው?"፣ "አሁንም ሥራ አላገኘህም?"፣ "ምነው እንዲህ ወፈርሽ?" የሚሉት ይቅሩብን። እባካችሁ። ሰው ፈገግ ብሎ ይመልስላችኋል፤ ውስጡ ግን ይቆስላል። ያንን ሥራ ፈላጊ ልጅ፣ በዚህ ሁሉ መሀል ማን ከጎኑ እንደቆመ ጠይቁት። ያቺን ልጅ የምትወደውን ሥራ እንዴት እንደጀመረችው ጠይቋት። ከዚያ አታቋርጧት።

ጓደኛዬ፣ ሰው ሁሉ "ምን ሆና ሞተች?" ሲለኝ አንቺ "እስቲ ስለ ጨዋታዋ አውሪኝ" አልሽኝ። ያን ቀን ነው ትንሽ ቀለል ያለኝ። ውለታሽ አለብኝ። ወንድሜ፣ ማታ ማታ እየደወልክ እንደ እሷ "ማን አሳቀሽ?" ስለምትለኝ እግዜር ይስጥልኝ። ያቺ ነርስም የትም ሁኚ፣ እንኳን አደረሰሽ።

በዓሉን ብቻችሁን የምታሳልፉ ደግሞ ጻፉልኝ። በዓመቱ ማን ደግ እንደዋለላችሁ ንገሩኝ። ዛሬ ማታ ሁሉንም አነባለሁ፤ "እሺ፣ ከዚያስ?" ብዬም እመልሳለሁ። መልካም አዲስ ዓመት!