ሲሞቅ የሚነጣ መስታወት

ዶክትሬቴን የምሠራው ቤጂንግ ነው። ቀኑን ሙሉ የማገላብጠው ነገር ለማስረዳት ቀላል ነው፦ ሁለት መስታወት፣ በመካከላቸው 20 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) ገደማ ክፍተት፣ ክፍተቱ ውስጥ ፈሳሽ ክሪስታል፣ ማለትም እየፈሰሰም ሞለኪውሎቹ እንደ ክሪስታል የሚደረደሩ ነገር፣ ከጥቂት ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ነገር) ጋር። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ ከጀርባው ያስቀመጡትን ወረቀት ያነቡበታል። ሆትፕሌት ላይ ጣል ሲያደርጉት ከዳር ጀምሮ ይነጣና ፊደሉ ይጠፋል። ሽቦ የለው፣ ባትሪ የለው። ሲበርድ ተመልሶ ይጠራል።

የፈሳሽ ክሪስታል ሞለኪውሎች ረዘም ረዘም ያሉ ናቸው። ሙቀቱ ዝቅ ሲል ስሜክቲክ ኤ በሚባለው ሁኔታ ውስጥ ንብርብር ሠርተው፣ መስታወቱ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ብርሃኑም ሳይደናቀፍ ያልፋል። ድብልቁ ውስጥ ግን ሞለኪውሎቹን እያጣመመ የሚያዞር ቅመም ጨምረናል። ንብርብሩ እስካለ ድረስ ይህ ቅመም እጁ እንደታሰረ ነው። ሙቀቱ ንብርብሩን ሲያፈርሰው ይፈታል፤ ሞለኪውሎቹ እንደ ብሎን ጥርስ ይጠመዘዛሉ፣ በየአቅጣጫው የዞሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይፈጠራሉ፣ ብርሃኑም እየተጋጨ ይበተናል። ኮሌስቴሪክ የሚሉት ሁኔታ ይህ ነው። 8ሲቢ የተባለው የታወቀ ውህድ ብቻውን ንብርብሩ የሚፈርሰው 33.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ ሌላ እየቀላቀልን ይህን ቁጥር ወደላይም ወደታችም እንገፋዋለን።

ፖሊመሩ ባይኖር ነገሩ የአንድ ጊዜ ትርኢት ሆኖ ይቀር ነበር። ሲበርድ ንብርብሩ ይመለሳል፣ ሞለኪውሎቹ ግን እንደተዘበራረቁ ይቀራሉ፤ መስታወቱም እንደነጣ ነው። ስለዚህ ገና ቀጥ ብለው በቆሙበት ሰዓት ሞኖመሩን፣ ማለትም ፖሊመሩ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ፣ በ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ብርሃን እናደርቀዋለን። የሚፈጠረው ስስ መረብ ያን አቋቋም ይዞ ይቆይና ሲበርድ ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሳል። መረቡ ከበዛ ሞለኪውሎቹን አንቆ ይይዛል፣ ቢሞቅም በቅጡ አይነጣም። ካነሰ ደግሞ አይመለስም። የሥራዬ ግማሹ በእነዚህ በሁለቱ መሐል መዋለል ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ማይክሮስኮፕ ፊት የምቀመጥበትን ሰዓት ነው። ሁለት ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) አንዱን ቁመት፣ አንዱን አግድም አድርገን ስናየው የጠራው ፊልም ድፍን ጥቁር ነው፤ ከሥሩ አንዳች ነገር ያለ አይመስልም። ማሞቂያውን በደቂቃ 1 ዲግሪ ከፍ ስናደርግ እዚህም እዚያም ብልጭ ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ክፍተቱን እኩል አድርገው በሚይዙት ጥቃቅን ኳሶች ዙሪያ ነው። ከዚያ ሳይታሰብ ሜዳው በሙሉ በቀለም ይሞላል።

ማሞቁን ከቀጠሉ ፊልሙ እንደገና ይጠራል፤ ያኔ ክሪስታልነቱ ቀርቶ ተራ ፈሳሽ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፕራግ ውስጥ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ያየው የዚሁ ታሪክ መጨረሻ ነበር፦ ኮሌስቴሪል ቤንዞኤት 145.5 ዲግሪ ላይ ደፍርሶ ቀለጠ፣ 178.5 ላይ ደግሞ ጠራ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ቀለጠ ማለት ነው። ግራ ቢገባው ለጀርመናዊው ፊዚክስ አዋቂ ለኦቶ ሌማን ጻፈለት፤ የኛ የትምህርት ዘርፍ ከዚያ ደብዳቤ ነው የጀመረው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ አልሙኒየምና መስታወት ይገጥማል። ቪዲዮውን ልኬለት ደወለልኝ። «አሪፍ ነው። ሙቀቱንስ ያስቆመዋል?» አለኝ። ስንት ስብሰባ ላይ ማንም ያልጠየቀኝን ነው የጠየቀኝ። «ከ80 በመቶ በላይ የነበረው ብርሃን ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ» ስንል የምንቆጥረው ቀጥ ብሎ የሚያልፈውን ብርሃን ብቻ ነው። የተበተነውስ? ብርሃኑን የሚበትኑት ክፍሎች ከብርሃን ሞገድ አንጻር ትንንሽ ስላልሆኑ አብዛኛውን ወደፊት፣ ማለትም ወደ ቤት ውስጥ ነው የሚልኩት፤ ወደ ውጭ የሚመልሱት ጥቂት ነው። ናሙናውን ውስጡ ነጭ በተቀባ ሉል አፍ ላይ ገጥመን የሚያልፈውን ሁሉ ስንሰበስብ ያ የሚያኮራ ቅናሽ በአብዛኛው ይተንናል። እንዲህ ያለ መስኮት ያለው ክፍል ዓይን አይወጋም፣ ጎረቤትም አያየውም፤ መሞቁን ግን ይሞቃል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሰጠው «ኃይል ቆጣቢ መስኮት» የሚለው ርዕስ ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ።

እኔ ብጠየቅ ቦታው የአበባ እርሻ ነው። ዝዋይ ያሉትን የጽጌረዳ ቤቶች አስቡ፦ ብርሃኑ ለተክሉ ይፈለጋል፣ ቀትር ላይ አናቱ ላይ የሚያርፈው ጮራ ግን ይለበልበዋል። ብርሃን የሚበትን የግሪን ሃውስ ፕላስቲክ ዛሬም አለ፤ እሱ ግን ማለዳም ቀትርም ያው ነው። የኛው ማለዳ ጠርቶ ቀትር ላይ ይነጣል፣ ያውም ማንም ሳይነካው።

«ታዲያ እንደ ስቲከር ይለጠፋል?» ቀጠለ ወንድሜ። ገና ነው። ለስቲከር ሁለቱን መስታወት በፕላስቲክ መተካት ያስፈልጋል፤ ፖሊመሩ ግን ጥቂት ስለሆነ ሁለቱን ፕላስቲኮች አጥብቆ የሚያያይዝ ነገር የለም፤ ጥፍር ቢያስገቡበት ይላጣል። ለዚህም ሁለት ዓይነት ፖሊመር በየተራ የሚያደርቁ አሉ፣ አንዱ እንደ ግድግዳ ያያይዛል፣ ሌላው በውስጡ መረብ ይሆናል። ዋጋውን ሲጠይቀኝ ፈሳሽ ክሪስታሉን የምንገዛው በግራም እንደሆነ ነገርኩት።

«በካሬ መሸጥ ሲጀምሩ ደውልልኝ» አለኝ።