አሥር ልጅ እስኪሞላ

ነሐሴ 20፣ ማታ

በጤና ሪፖርት ወር የሚቆጠረው ከ21 እስከ 20 ነው። ለእኛ ለጤና ጣቢያ ሰዎች ነሐሴ ዛሬ አለቀ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ መዝገቦቹ ተደምረው ተዘጉ፤ እኔም በጊዜ ቤት ገባሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። የክትባት ክፍሏ ሲስተር ዛሬ ቢሮዬ መጥተው ያደረጉት ነገር ከልቤ አልወጣም። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። እኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ነበር። እሱን ለመጻፍ ካለፈው ዓመት መጀመር አለብኝ።

እዚህ ኃላፊ ሆኜ ስመደብ ገና ወጣት ነበርኩ። ሲስተር በክትባት ሥራ ላይ የቆዩበት ዘመን ከእኔ ዕድሜ ብዙም አያንስም። እኔ ደግሞ ዳታ እወዳለሁ። ግድግዳው ላይ ግራፍ የለጠፍኩት፣ ወርሃዊውን የአፈጻጸም ግምገማ በሰዓቱ ማስጀመር የጀመርኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩ ከታየ ሥራው በራሱ ይስተካከላል ብዬ አምን ነበር።

ከግምገማዎቹ በአንዱ እንዲህ ሆነ። በወሩ ፔንታ አንድ (አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት የመጀመሪያ ዙር) የወሰዱ ልጆች 62፣ የኩፍኝ ክትባት የወሰዱ 45 ነበሩ። ጀምረው ያልጨረሱት፣ እኛ ማቋረጥ የምንለው፣ 27 በመቶ ማለት ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ችግር አለ ተብለን ነው የተማርነው። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ወረቀቱን አንስቼ «ሲስተር፣ 17 ልጅ የት ገባ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ያለ ነበር። እሳቸው ጋዋናቸውን ሰብሰብ አድርገው «እናስተካክላለን» ብቻ አሉ። ሌላ የተናገረ የለም። ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ አዋላጆቹ፣ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። እኔ ግን ዝምታውን እንደ መስማማት ቆጠርኩት።

በሚቀጥለው ወር የኩፍኙ ቁጥር 57 ሆኖ መጣ። በጣም ደስ አለኝ። ሲስተርን በስብሰባ አመሰገንኩ፤ አስጨበጨብኩላቸው። ከወረዳም ጎበዝ ተባልን። በዚያ ጭብጨባ መሃል እሳቸው ቀና ብለው እንዳላዩኝ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

በየወሩ የመረጃ ጥራት ፍተሻ አለ። ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮች በዕጣ ይመረጡና ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ። ሥራው የመረጃ ባለሙያችን ነበር። እሷ የወሊድ ፈቃድ ወጥታ ስለነበር ያን ወር እኔ ቁጭ አልኩ። ከ12ቱ አንዱ ኩፍኝ ሆኖ ወጣ። ሪፖርቱ 57 ይላል። መዝገቡ ላይ ስም ቆጠርኩ፤ 44 ነው። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው 44። 13ቱ ልጆች ስም የላቸውም። እናት የላቸውም። ቀበሌ የላቸውም።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጠዋት በእጄ ልሰጣቸው ወደ ክትባት ክፍል ሄድኩ። በሩ ላይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ እየወጣች ነበር። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ሲስተር ከኋላዋ «አርብ ነይ የኔ ልጅ፣ አርብ እንሰጠዋለን» ይሏታል።

«ለምን ዛሬ አይሰጠውም?» አልኩ።

ሲስተር ዝም ብለው ፍሪጁን ከፈቱና ብልቃጡን አሳዩኝ። «ይህ ለ10 ልጅ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ይደፋል። ዛሬ እስካሁን የመጡት ሁለት ናቸው። ለሁለት ልጅ ብከፍተው ስምንቱ ብክነት ነው። ብክነት ደግሞ እርስዎ አይቀበሉም።»

እውነታቸውን ነው። ከጥቂት ወራት በፊት «የክትባት ብክነት ይቀነስ» የሚል ደብዳቤ በራሴ ፊርማ ለክፍሉ ሰጥቼ ነበር። ረስቼዋለሁ። እሳቸው ግን አልረሱትም፤ መሳቢያቸው ውስጥ ነበር። ብክነት ሲጨምር ተቆጣሁ። ማቋረጥ ሲጨምርም ተቆጣሁ። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ብልቃጥ የታሰሩ ናቸው። አንዱን ስጫነው ሌላው ይነሳል። አሥር ልጅ እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው እናቶችን መመለሱ አይቀርም። የተመለሰች እናት ደግሞ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ዳግመኛ ላትመጣ ትችላለች። ለሲስተር ሁለቱንም ቁጥር የሚያስደስት መንገድ አልተውኩላቸውም። የቀራቸው እስክሪብቶ ብቻ ነበር።

ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ አጥፌ ተመለስኩ።

ስለ ኩፍኝ ማወቅ ያለብኝን አውቃለሁ። አንድ የታመመ ሰው ክትባት ካልወሰዱት መሃል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ወረርሽኝ እንዳይነሳ ከመቶ 95 ያህሉ ሁለቴ መከተብ አለበት። የመጀመሪያው በ9 ወር ነው፤ ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው በ15 ወር የሚሰጠው ነው። እነዚያ 13 ስም የለሽ ልጆች የሚያስፈራሩኝ ለዚህ ነው። አንድ ቀን ኩፍኝ ቢገባ ግድግዳችን «ተከትበዋል» ይል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን በሽተኛ እንመክራለን። እኔ ግን በራሴ ቤት በሽታ የሚያስደብቅ ኃላፊ ሆኜ ነበር።

አንድ ጊዜ የካይዘን (ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ሥልጠና ወስጄአለሁ። አሠልጣኙ የኤድዋርድስ ዴሚንግን የዶቃ ሙከራ አሳይቶን ነበር። ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ለመሐንዲሶችና ለኩባንያ ኃላፊዎች ስለ ጥራት ያስተማረ አሜሪካዊ ነው። ሳጥን ውስጥ ነጭና ቀይ ዶቃ ይደባለቃል። ሠራተኛው 50 ጉድጓድ ባለው መዝቂያ ይዝቃል። ቀዩ ዶቃ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። አለቃው ቀይ የበዛበትን ይወቅሳል፣ ያነሰለትን ይሸልማል። ሠራተኛው ግን ምንም ያህል ቢጥር የሚወጣለትን መምረጥ አይችልም፤ ቀዩን ሳጥኑ ውስጥ የከተተው ሌላ ሰው ነው። ያኔ አጨብጭበን ወጣን። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው የእኔ ግምገማ መሆኑን አላየሁም። 45ቱ ላይ ተቆጥቼ፣ 57ቱ ላይ አስጨበጨብኩ።

በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት መመለስ ነበረብኝ። በሚቀጥለው ግምገማ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሁለቱንም ደብዳቤ እንደሰረዝኩ፣ ከእንግዲህ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጥ እንደሚከፈት፣ ብክነቱ ቢጨምር መልሱን እኔ እንደምሰጥ ተናገርኩ። ሲስተር አላለቀሱም፣ አልሳቁም። ሠራተኛውም አላጨበጨበም። ያመነኝ አልመሰለኝም። ደግሞስ በአንድ ንግግር ለምን ያምነኛል?

ነገሩ የተለወጠው በኋላ ነው። ሪፖርቱን አስተካክዬ ከ57 ወደ 44 አወረድኩት። ስልክ ተደወለልኝ። ለምን እንደወረደ፣ ማን እንዳጠፋ ተጠየቅሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሠራሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። የማንንም ስም አልጠራሁም። ያን ወር ከደረጃችን ወረድን። በሳምንቱ የፋርማሲው ልጅ መጥቶ፣ ቢን ካርዱ (የመድኃኒት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ ያለውና መደርደሪያው ላይ ያለው የማይገናኝ ሦስት መድኃኒት እንዳለ ነገረኝ። ከአዋላጆቹ አንዷም ለአራተኛው የእርግዝና ክትትል እናቶች ለምን እንደሚቀሩ ነገረችኝ። ሁለቱም ለወራት የሚያውቁት ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ያደረግናቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። የክትባት ካርዶቹን ቅጂ 12 ክፍል ባለው ሳጥን በቀጠሮ ወር ደረደርን። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉ ውስጥ የቀረ ካርድ የቀረ ልጅ ነው። ስሙ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይሄዳል። «17 ልጅ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄዬ ራሱ ስህተት እንደነበርም ያሳየን ይህ ሳጥን ነው። በዚህ ወር ፔንታ የጀመሩት በዚህ ወር ኩፍኝ ከሚወስዱት ጋር አንድ ልጆች አይደሉም። ኩፍኝ የሚወስዱት ከሰባት ወር በላይ አስቀድመው የጀመሩት ናቸው። በአንድ ወር ቁጥር ሰው መውቀስ አቁመን የ12 ወሩን መስመር አንድ ላይ ማየት ጀመርን።

አንድ ቀበሌ 112 በመቶ ከተበ ተብሎ እናጨበጭብ እንደነበርም ትዝ ይለኛል። ከመቶ በላይ ልጅ ከየት ይመጣል? የልጆቹ ብዛት ራሱ ግምት ነው፤ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ እየተሰላ የሚመጣ። የመጨረሻው ቆጠራ እሱ ነው። አሁን እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ አናጨበጭብም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቤት ለቤት ያሉትን ሕፃናት ስንት እንደቆጠረች እንጠይቃታለን። የእሷ ቆጠራ የበለጠ ይታመናል።

ይህ ሲባል መጠያየቅ ቀረ ማለት አይደለም። መዝገቡን በስንፍና ለሁለት ሳምንት ሳይሞላ የተወ ሠራተኛ ነበር። ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት፤ ከበድ ያለ ንግግር ነበር። ግን ለብቻው ነው።

እንግዲህ ዛሬ። ግምገማው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ሲስተር መዝገባቸውን አቅፈው ገቡ። ሳልጠራቸው ነው። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ኩፍኝ በዚህ ወር 39 ነው፤ ወርዷል» አሉ። «ብክነቱም ከግማሽ በላይ ሆኗል። ወንዙ ስለሞላ ከማዶ ያሉት አልመጡም። ስድስት ናቸው፤ ስማቸው ይኸው።» ከዚያ ተነሥተው ግድግዳው ጋ ሄዱ። ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው 39ን ራሳቸው ጻፉት። ሲጽፉ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

«ምን ይሻላል ይላሉ?» አልኳቸው።

«ነገ በላይኛው ድልድይ ዞረን እንሂድ» አሉ። ከዚያ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ቦት ጫማ አለህ ልጄ?» አሉኝ። አንተ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

አለኝ። በር ላይ አውጥቼ አስቀምጬዋለሁ። አይስ ፓኩ ፍሪዘር ውስጥ ገብቷል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንነሳለን። ለስድስት ልጅ አንድ ብልቃጥ ይበቃል ብዬ ነበር። ሲስተር ግን ሁለት ይሁን አሉ፤ መንገድ ላይ ሌላ ልጅ ካጋጠመን።