ስኪ ሳልነካ፦ ከሜንሊኸን እስከ ክላይነ ሻይዴግ በእግር

ጓደኞቼ ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ይወዳሉ። እኔ በእግሬ መሄድ ነው የምወደው። «ቬንገን አብረን እንሂድ» እያሉ ሦስት ዓመት ለምነውኛል። እነሱ ተራራ ላይ ሲውሉ እኔ ካፌ ቁጭ ብዬ የምጠብቃቸው ስለመሰለኝ እምቢ አልኩ። ዘንድሮ ጥር ላይ ሄድኩ። እስከዛሬ መቅረቴ ቆጨኝ።

ቬንገን መኪና የማይገባባት የስዊዘርላንድ የተራራ መንደር ናት። ከላውተርብሩነን ተነስቶ ሽቅብ የሚያወጣው ባለ ጥርስ ሐዲድ ባቡር ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ስንደርስ መሽቶ ነበር። የሞተር ድምፅ የለም፤ የሚሰማው የሻንጣችን መጎተት ብቻ ነው። ለመሄድ ያሰበ ካለ አንድ ነገር ልንገረው፦ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የላውበርሆርን የስኪ ውድድር ጥር ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ክፍል ማግኘት ይከብዳል።

ጠዋት የመሄጃ ብቻ ትኬት ቆርጬ በገመድ ላይ በሚሄድ ኬብል ካር ከመንደሩ በላይ ወዳለው ሜንሊኸን ወጣሁ፤ ከዚያ እስከ ክላይነ ሻይዴግ በእግሬ ልሄድ ነው። ሸለቆው በጉም ተሸፍኗል። ጉሙን አልፈን ብቅ ስንል ፀሐይ! ቦታው 2,230 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። ሽሮ ሜዳ ተወልዳ ላደገች ሰው ከፍታው ብርቅ አይደለም። ብርቁ በረዶው ነው።

እኛ በረዶ ስንል ቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድበው ነው ትዝ የሚለን። ይህኛው ሲወርድ ድምፅ የለውም። ድምፅ የሚያወጣው ሲረገጥ ነው። ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ብርዱ ስለሚያደርቀው፣ እንደ አዲስ የቆዳ ጫማ ሲጥ ሲጥ ይላል። ፀሐይ ያገኘው ጋ ስደርስ ይለሰልስና ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቼ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ ጥላ ውስጥ መግባቴን በጆሮዬ መለየት ቻልኩ።

የበጋው የእግር መንገድ ምልክት ቢጫ ነው፤ የበረዶው ወቅት ግን ሮዝ። ሮዙን መከተል ነው። መንገዱን ማሽን ስለሚጠቀጥቀው እግር አይሰምጥም። ጠዋት ማንም ሳይረግጠው ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጣት የሚያህሉ ትልሞች፣ ልክ አዲስ እንደታረሰ ማሳ ተሰልፈዋል። ከምልክቱ ወጥቶ ማቋረጥ ግን አይገባም፤ የበረዶ ናዳ አለ። መንገዱ የስኪ መስመር የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ቆም ብሎ ሽቅብ ማየት ያስፈልጋል። የሚመጡት በፍጥነት ነው።

አንድ ቁልቁለት ላይ አዳለጠኝና በእጄ ተደገፍኩ። ከኋላዬ የነበሩ አዛውንት ባልና ሚስት ደርሰው አነሱኝ። ሴትየዋ ጫማቸውን አሳዩኝ፤ ሹል ብረት ያለው ጎማ አጥልቀውበታል። ከሰዓት በኋላ እኔም ገዛሁ። ውሃ የማያስገባ ጫማና ይህ ጎማ ካለ፣ በተጨማሪ መነጽርና የፀሐይ ክሬም ከተያዘ በቂ ነው። ፀሐዩ ከበረዶው ላይ ተመልሶ ፊት ያቃጥላል።

መንገዱ አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አብዛኛው ቁልቁል ነው። ሰው በሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። እኔ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ያቆመኝ ተራራው ነው። ፊት ለፊት ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፦ አይገር፣ መንሽ፣ ዩንግፍራው። መንሽ ማለት መነኩሴ፣ ዩንግፍራው ማለት ድንግል ነው። የአይገር ሰሜናዊ ገጽ ግን ሌላ ነው። ወደ 1,800 ሜትር የሚደርስ ጥቁር ግድግዳ ነው፤ በዚህ ወቅት ፀሐይ አይነካውም። በ1938 እ.ኤ.አ. ነው ሁለት ጀርመኖችና ሁለት ኦስትሪያውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥተውት የጨረሱት። ከዚያ በፊት ከሞከሩት መካከል የሞቱበት አሉ። በስኪ እየበረረ የሚያልፍ ሰው ይህን ግድግዳ ምን ያህል ያየዋል? እኔ በየእርምጃው ሲያድግ አየሁት።

ክላይነ ሻይዴግ 2,061 ሜትር ላይ ያለ የባቡር ጣቢያ ነው። ከዚያ የሚነሳ ሌላ ባቡር አይገርን ሰርስሮ በ3,454 ሜትር ላይ ወደሚገኘው ዩንግፍራውዮኽ ይወጣል። ዋሻው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው ያለቀው። ውጭ ተቀምጬ ሮሽቲ አዘዝኩ፤ ተፈግፍጎ የተጠበሰ ድንች ነው፣ በላዩ እንቁላል። ጓደኞቼ ጉንጫቸው ቀልቶ ደረሱ።

«እህ፣ ሰለቸሽ?» አለችኝ አንዷ።

«ነገ በግሪንደልቫልድ በኩል እሄዳለሁ» አልኳት።

«እኔም እመጣለሁ። ጉልበቴ አልቋል።»

ባቡሩን ልንሳፈር ስንነሳ የተራራው ጥላ ሐዲዱ ላይ ደርሷል። በረዶው ከእግራችን ስር እንደገና ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር።