ሁሉም ነገር ሞተር አይደለም

ዛሬ ለድራግ ሬሲንግ (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) የሚዘጋጅ የጓደኛዬ መኪና ስር ተኝተን ዋልን። ነዳጅ ሲረግጥ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ይዘው በመሄድ ፈንታ ይነጥራሉ። ዱብ ዱብ ዱብ! ጓደኛዬ "ቱርቦ ልጨምርበት" ይላል፤ የሞተሩን ጉልበት ከፍ ለማድረግ። መካኒኩ ምንም አልመለሰለትም። ስልኩን በኋላ ጎማው በኩል አስቀመጠና መነሻውን በስሎው ሞሽን ቀረጸው።

ቪዲዮውን ብታዩት! ያ አክስሉን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ደንዳና ባሌስትራ እንደ እባብ ይጥመለመላል። ጎማው ወደ ፊት ሲገፋ አክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል። የዲፈረንሻሉ (አክስሉ መሃል ያለው የጥርስ ሳጥን) አፍንጫ ሽቅብ ይነሳል፣ ባሌስትራውም አብሮት ይጣመማል። ጎማው መሬቱን ሲለቅ ብረቱ ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል። አክስል የሚሰብረውም ይሄው ነው።

መፍትሄው ትራክሽን ባር ነው። ከአክስሉ ጋር ይታሰርና ባሌስትራው እንዳይጣመም ይደግፈዋል። ሾክ አብዞርበሩም በሚስተካከል ይቀየራል፤ መኪናው ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የዚያን ፍጥነት መቆጣጠር ያስፈልጋል። (ባሌስትራው በሚታሰርበት ቦታ ያረጁ የላስቲክ ቡሾች ካሉ መጀመሪያ እነሱ ይውጡ። አለበለዚያ የቀረው ልፋት ነው።)

ችግሩ ትራክሽን ባር ፎቶ አይነሳም። ቱርቦ ኮፈን ከፍተህ ታሳያለህ፤ ስር የታሰረ ብረት ማን ጎንበስ ብሎ ያይልሃል? ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ሰው የሚያየው ላይ ነው። ውድድሩ ግን 402 ሜትር ቢሆንም ተወዳዳሪዎች ቀድመው የሚያዩት የመጀመሪያዎቹን 18 ሜትር ሰዓት ነው። እዚያ የባከነች ሽራፊ ሰከንድ እስከ መጨረሻው ትከተልሃለች።