በድሬ ሙቀት ያልደረቀ ውሃ

የምሠራበት ቤተ ሙከራ ድሬዳዋ ነው። የድንጋይና የአፈር ናሙና ተቀብለን፣ ፈጭተን እንመረምራለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልን የኖራ ድንጋይ ስለሆነ፣ ከአፋሩ የዳናክል ዝቅተኛ ሜዳ ተቆፍሮ የወጣ የጨው ኮር፣ ማለትም እንደ ዘንግ ሆኖ ከመሬት የወጣ ናሙና፣ በሳጥን ሲገባ የቢሮው ሰው ሁሉ ሊያየው ወረደ።

ነጩን ሃላይት፣ ያው የወጥ ጨው ማለት ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ዓይን የሳበው ካርናላይት የሚባለው ቀዩ የጨው ዓይነት ነበር። ቅላቱ የራሱ ሳይሆን በውስጡ ከተበተነ የብረት ኦክሳይድ የመጣ ነው። ሲይዙት ከሃላይት ይቀላል፤ ሲመቱትም እንደ ሃላይት በቀጥታ ገጽ አይከፈልም፣ እንደ ፈለገው ይሰባበራል። ፎቶ ለማንሳት የታሸገበት ፕላስቲክ ተፈታ። መልሶ ያሸገው አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ከሳጥኑ ሥር ውሃ ተኝቶ ተገኘ። ወቅቱ በጋ ነው፤ ጣሪያው አያፈስም፤ በክፍሉ ቧንቧ የለም። የንብረት ክፍል ኃላፊው ጥርጣሬ በአንድ ሰው ላይ ብቻ አረፈ፤ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ጠዋት ጠዋት ወለሉን የሚወለውሉት ሴት ላይ። «ባልዲ ደፍተውበት ነው» አለና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባቸው።

እትዬ ደብዳቤውን ተቀበሉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «አቦ፣ ውሃ ቢሆን በዚህ በድሬ ሙቀት እስካሁን መች ይቆይ ነበር? እኔ የወለወልኩት ወለል ቡና ሳይፈላ ይደርቃል። ይሄ ግን ጠርጌው ስመለስ እንደገና አለ።»

ያን ሁሉ ባለ ዲግሪ ሰብስበን ነገሩን በትክክል ያስተዋሉት እሳቸው ነበሩ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ከማለት ይልቅ መራራ ነው፤ ጣት ላይም ቅባት ያለው ይመስላል። ያኔ ዓይኔ ወደ ቀዩ ድንጋይ ሄደ።

የዳናክል ወለል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ድሮ ቀይ ባሕር እየገባበት፣ መግቢያው ሲዘጋ ውሃው እየተነነ ጨዉ ተከማችቷል። የባሕር ውሃ ሲተን ጨዎቹ ተራ ጠብቀው ነው የሚረጉት፤ አስቀድሞ ጂፕሰም፣ ውሃው ወደ አንድ አሥረኛ ሲያንስ ሃላይት። ማግኒዝየም ግን ውሃን አጥብቆ ስለሚይዝ እስከ መጨረሻው ሟሙቶ ይቆያል። ካርናላይት የሚረጋው ከዚያች ከመጨረሻዋ ወፍራም ጭላጭ ነው፤ ፖታሲየም፣ ማግኒዝየምና ክሎሪን ስድስት የውሃ ሞለኪውል ይዘው። ደረቅ ድንጋይ ብለን ከምንሸከመው 39 ከመቶ የሚሆነው ክብደት ውሃ ነው!

እንዲህ ያለ ጨው እርጥብ አየር ካገኘ እርጥበቱን እየሳበ ራሱን ያሟሟል። ተራ ጨው ለዚህ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 ከመቶ ግድም እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ማግኒዝየም ክሎራይድ 33 ይበቃዋል፤ ካርናላይት በሁለቱ መካከል ነው። በአንዳንድ አገር ማግኒዝየም ክሎራይድ የአቧራ መንገድ ላይ የሚረጨውም ለዚሁ ጠባዩ ነው፤ አፈሩን እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል።

ታዲያ የድሬ የበጋ አየር ደረቅ አይደለም እንዴ? ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን ናሙናው ሙቀት እንዳይጎዳው ተብሎ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ተገጥሞ ነበር። ይህ ማሽን አየሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ እያተነነ ስለሆነ፣ ክፍሉ በቀዘቀዘ ቁጥር ይረጥባል። የእርጥበት መለኪያ አስገብተን ስናይ ከ60 በላይ አነበበ። ሃላይቱን እርጥበቱ ለምን እንዳልነካው፣ ቀዩ ለምን እንደሚያለቅስ ግልጽ ሆነ።

ኃላፊው በወሬ የሚያምን ሰው አይደለም። ከአንዱ ቁራጭ ሁለት ቆረጥኩለት፤ አንዱን እርጥበት መጣጭ ካለበት ብልቃጥ ውስጥ ከደንኩ፣ ሌላውን እዚያው ክፍል ሚዛን ላይ ተውኩት። በማግስቱ የተከደነው እንደነበረ ነው፤ የተገለጠው ከብዷል፣ ሥሩም ርሷል። ኃላፊው ዝም ብሎ ቆየና እትዬን አስጠርቶ «ደብዳቤውን እርሱት» አላቸው። እሳቸው ግን «በወረቀት የመጣ በወረቀት ይሂድ» ብለው እንቢ አሉ። ማህተም ያለበት መሻሪያ ተጻፈላቸው፤ እኔም ምስክር ሆኜ ፈረምኩ።

ከናሙናው ጋር ያለው ጣጣ ግን ይብስ ነበር። ካርናላይት ሲረጥብ ሁሉም እኩል አይሟሟም፤ ማግኒዝየም ክሎራይዱ ከፈሳሹ ጋር ይወጣና ፖታሲየም ክሎራይዱ፣ ሲልቫይት የሚባለው፣ ደቃቅ ሆኖ ይቀራል። የተረፈውን ፈጭተን ብንመረምረው ኖሮ ፖታሲየሙ መሬት ውስጥ ካለው በልጦ ይታይ ነበር። ማዳበሪያ ፍለጋ ፖታሽ፣ ማለትም የፖታሲየም ጨው፣ ለሚቆፍር ሰው የሚያስደስት ውጤት ነው፤ ግን ውሸት። ወለል ላይ የፈሰሰው ውሃ በጊዜ ባይታይ ኖሮ ያንን ቁጥር ፈርመን እንልከው ነበር።

ለኮሩ ባለቤቶች የሆነውን ጽፈን ላክን፤ እነሱም የተፈታው ሳጥን እንዳይመረመር አዘዙ። ምትኩ በወፍራም ፕላስቲክ ታሽጎ መጣ። ማቀዝቀዣው ተነቅሎ ወደ ሒሳብ ክፍል ሄደ፤ የሒሳብ ክፍል ሰዎች እስካሁን ካርናላይትን እንዳመሰገኑ ናቸው።