ከቡፌ የወጣው ራውተር፦ የሦስት ሳምንት የዋይፋይ ማስታወሻዬ

ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። የያዝነው መስመር 25 ሜጋ ነው። ግን ማታ ማታ እናቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ወንድሜ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ምስሉ ቀጥ ይላል። ድምፁም ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል። «ትሰማኛለህ? ትሰማኛለህ?» ስትል ቆይታ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች። የሚገናኙት ምሽት 2 ሰዓት ላይ ነው፤ እሱ ጋ ቀን ነው፣ ከሥራ ለምሳ የሚወጣበት ሰዓት። ያቺ ግማሽ ሰዓት ካለፈች እስከ ነገ ማታ መጠበቅ ነው። ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት ለዚህ ነው።

እስከዚያ ድረስ የማውቀው መላ አንድ ብቻ ነበር፦ አጥፍቶ ማብራት። አንዳንዴ ይሠራል። ለምን እንደሠራ ስለማላውቅ ግን ሳይሠራ ሲቀር ምንም ማድረግ አልችልም ነበር። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ለራሴም ሁለት ደንብ አወጣሁ። በአንድ ቀን ከአንድ ነገር በላይ አልቀይርም። ከመቀየሬ በፊትም በኋላም፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆሜ፣ በዚያው ሰዓት ሦስት ጊዜ ለክቼ መሃል ላይ ያለውን ቁጥር እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ጥፋቱ የመስመሩ ነው ወይስ የቤታችን የሚለውን መለየት ነበር። ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰካሁ፤ የሌላውን ሁሉ ዋይፋይ አጠፋሁ። 24 ሜጋ አሳየኝ። ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው። ስልኬን ይዤ እናቴ መኝታ ቤት ገባሁና ለካሁ፤ 2.8። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ሁለቱን ቁጥሮች ስመለከት ቆየሁ። የሚከፈልበት ፍጥነት ሳሎን ድረስ ደርሷል፤ የጠፋው ሳሎንና መኝታ ቤት መሃል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልጥቀስ። ፋይል ስናወርድ የምናየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሜጋባይት ነው፤ መስመር የሚሸጠው ግን በሜጋቢት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 25 ሜጋ መስመር ላይ በሰከንድ 3 ሜጋባይት ገደማ ካያችሁ መስመሩ በደንብ እየሠራ ነው።

ወደ ቡፌው ልመለስ። ራውተራችን የሚኖረው ሳሎን ቡፌው ውስጥ ነበር፤ ከቡና ስኒዎቹ አጠገብ፣ የመስታወት በሩ ተዘግቶ። አቧራ እንዳይገባበት እናቴ ዳንቴል አልብሳዋለች። እጄን ሳሳርፍበት ይፋጃል። ትልቁ ችግር ግን ሙቀቱ አልነበረም፤ ከጀርባው ያለው ነው። የቡፌው ጀርባ ከላይ እስከ ታች የፊት መስታወት ነው። የፊት መስታወት ጀርባው ላይ ስስ ብረት ተቀብቷል፤ ብርሃኑን የሚመልሰው እሱ ነው። የዋይፋይ ሞገድንም እንዲሁ ይመልሰዋል። መኝታ ቤቱ ያለው ደግሞ በትክክል ከመስታወቱ ጀርባ ነው። መሃል ላይ ብሎኬት ግድግዳ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ የውሃ ቧንቧ ያለበት መታጠቢያ ቤት። ሞገዱ ገና ከቡፌው ሳይወጣ ጉልበቱን ይጨርሳል።

የሞገዱን ጉልበት በስልክ መተግበሪያ መለካት ይቻላል። መለኪያው ዲቢኤም ይባላል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሞገዱ ጠንካራ ነው። መኝታ ቤት −79 ነበር። ራውተሩን አውጥቼ ቡፌው አናት ላይ፣ ወደ ኮሪደሩ በሚያየው ጥግ ሳስቀምጠው −68 ሆነ። የ10 ዲቢ ልዩነት የአሥር እጥፍ ጉልበት ነው። ፍጥነቱ ከ2.8 ወደ 9 ወጣ። ገንዘብ አላወጣሁም፣ አንድም ሴቲንግ አልነካሁም።

ራውተራችሁን ስታነሱ ቀጭኗን የፋይበር ገመድ ተጠንቀቁላት። ውስጧ መስታወት ነው፤ አጥብቃችሁ ካጠፋችኋት ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ ይባክናል። እኛ ቤት እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ተጠቅልላ በላስቲክ ታስራ ነበር። ፈትቼ ሰፋ ባለ ክብ አስቀመጥኳት። እናቴም በራውተሩ ቦታ መለወጥ አልተከፋችም፤ ዳንቴሉን ከላይ አንስታ ከሥር አነጠፈችው።

በሁለተኛው ሳምንት የራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። ብራውዘር ላይ የሚጻፈው የእኛው አድራሻ 192.168.1.1 ነው፤ የእናንተው ከተለየ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር አየሁ። የማላውቃቸው ሁለት ስልኮች ስላገኘሁ ፓስወርዱን ቀየርኩ። ፍጥነቱ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም፤ ግን መደረግ ነበረበት።

ቀጥሎ የጎረቤቶችን ዋይፋይ አየሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ይሄን እንዳታልፉት። ራውተራችን በሁለት ዓይነት ሞገድ ይሠራል፦ 2.4 እና 5 ጊጋኸርትዝ። 2.4 ላይ 14 ዋይፋይ ይታየኛል። ሞገዱ ቻናል በሚባሉ ባለ ቁጥር ክፍሎች ይከፈላል፤ ከ14ቱ ስምንቱ ቻናል 6 ላይ ናቸው፣ የእኛም እዚያው ነው። ዋይፋይ እንደ ታክሲ ወረፋ ነው። አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም ብሎ ተራ ይጠብቃል፤ የጎረቤት ራውተርም ወረፋው ውስጥ አለ። እዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 3 ወይም 8 ላይ መቀመጥ ከሁለት ወገን መረበሽ ነው። የእኛው ቻናል ደግሞ ስፋቱ 40 ሜጋኸርትዝ ተደርጎ ነበር። ሰፊ መሆኑ ጥሩ ይመስላል፤ ሰው በበዛበት ሕንፃ ግን የሁለት ሰው ወንበር እንደመያዝ ነው። ስፋቱን ወደ 20 ዝቅ አደረግኩት። በማግስቱ ቻናሉን 1 አደረግኩት። መኝታ ቤት 17 ሜጋ ደረሰ።

5 ጊጋኸርትዝን በተለየ ስም ለብቻው አወጣሁት። ሳሎን ውስጥ ላፕቶፑ በሱ ሙሉውን 24 ያገኛል። ግድግዳ ላይ ግን ይደክማል፤ መኝታ ቤት ሲደርስ 6 ብቻ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ በ5፣ የእናቴ ስልክ በ2.4 ይሠራሉ። ይሄም ሌላ ጥቅም አለው። ሞገድ የደከመበት ስልክ ትንሽ ነገር ለመላክ ረጅም ጊዜ ወረፋውን ይይዛል፤ ሳሎን ያለውንም ሰው ይጎትታል።

ቁጥሮቹ አማሩ። ግን ምሽት 2 ሰዓት ላይ ምስሉ አሁንም ቀጥ አለ።

ይሄ በጣም አበሳጨኝ። የተማርኩበትም እሱ ነው። ፍጥነት መለካቱን ተውኩና ፒንግ ማድረግ ጀመርኩ፤ ፒንግ ማለት አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ መቁጠር ነው። ሁለት መስኮት ከፈትኩ፤ አንዱ ወደ ራሳችን ራውተር፣ ሌላው ወደ 8.8.8.8፣ ውጭ ወዳለው የጉግል አድራሻ። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው 3 ሚሊሰከንድ፣ ሁለተኛው 90 ነበር። ምሽት 2 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ያው 3 ነው፤ ሁለተኛው 700 ገባ። ዋይፋዩ ንጹሕ ነው ማለት ነው። መልእክቱ የሚቆመው ከዋይፋዩ በኋላ ነው። መስመሩ ነው ብዬ ስልክ ላነሳ ነበር።

ከመደወሌ በፊት ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከዋይፋይ አስወጣሁ። ታናሽ እህቴ ጋ ስደርስ 700 የነበረው በአንዴ ወደ 90 ወረደ። እህቴ ልብስ በቴሌግራም ትሸጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮና ፎቶ ስታነሳ ትውላለች። ማታ ቤት ገብታ ቻርጀር ላይ ስትሰካው ስልኩ የቀኑን ሁሉ ወደ ጉግል ፎቶስ መጫን ይጀምራል። የእኛ መስመር ወደ ላይ መላኪያው 5 ሜጋ ገደማ ነው። ያ ሲሞላ ሌላው ሁሉ ራውተሩ ውስጥ ይሰለፋል። የእናቴ ድምፅና ምስል ከእህቴ ቪዲዮዎች ኋላ ወረፋ ይጠብቃል። ማውረድም ይጎተታል፤ ምክንያቱም ስናወርድ ስልካችን «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልስ ወደ ላይ እየላከ ነው፤ መልሱ ከዘገየ ላኪውም ይዘገያል።

እህቴን አልከለከልኳትም፤ ሥራዋ ነው። ራውተሩ የእያንዳንዱን ዕቃ ፍጥነት መገደብ ስለሚችል የእሷን ስልክ መላኪያ 2 ሜጋ ላይ ወሰንኩት። ፎቶዎቿ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይጨርሳሉ። ፒንጉ ምሽት 2 ሰዓት ላይም ከ110 አያልፍም። ባለፈው እሑድ እናቴ 40 ደቂቃ አወራች፤ ስልኩን አንዴም ለእኔ አልሰጠችኝም።

የቀረኝ ሁለተኛው መኝታ ቤት ነው፤ አሁንም 8 ሜጋ ላይ ነው። ዋይፋይ ማራዘሚያ ገዝቼ እዚያው ውስጥ ሰክቼው ነበር። ግን ማራዘሚያው ራሱ የሚቀበለው ደካማውን ሞገድ ነው፤ ያንኑ መልሶ ሲያሰራጭ ጭራሽ ወደ 4 አወረደው። ወደ ኮሪደሩ ሳመጣው ትንሽ ተሻለ፤ ያም ቢሆን ከ8 አላለፈም። አሁን ያሰብኩት 15 ሜትር የኔትወርክ ገመድ (ካት 5ኢ የሚባለውን) በበሩ ጉበን ዙሪያ አዙሬ፣ ጫፉ ላይ አሮጌ ራውተር መስቀል ነው። ግድግዳ ሳይበሱ ገመድ ያሳለፋችሁ ካላችሁ፣ በሩ ሲዘጋ እንዳይጨፈልቀው በየት በኩል እንዳዞራችሁት ንገሩኝ።